ሥጋ የለበሰ ነውር

በ2011 በአትላንታ ከተማ አውራ ጎዳናዎች ዳር ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተሰቅለው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ የአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በፎቶግራፎቹ የሚታዩት ወፈር ያሉ፣ ፈገግታ የራቃቸው፣ መንገደኛውን ፊት ለፊት የሚመለከቱ ሕፃናት ናቸው። በምስሉ ላይ በሲጋራ ፓኮ እንደሚታተመው ዐይነት «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል ይነበባል፤ ከዚያ ቀጥሎ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይከተላል። አንደኛው ትንሽ ላልሆነች ልጅ ትንሽ ልጅ መሆን ከባድ እንደሆነ በቃላት ጨዋታ ይናገራል። ሌላው የልጁን ውፍረት ያመጣው የአጥንቱ ትልቅነት ሳይሆን የገበታው ትልቅነት እንደሆነ ያስረዳል። ይህን የሰቀለው «ችልድረንስ ሄልዝኬር ኦፍ አትላንታ» የተባለው የታወቀ የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ዘመቻውንም «ስትሮንግ ፎር ላይፍ» ብሎ ሰይሞታል። የሰጠው ምክንያትም የሚናቅ አልነበረም፤ በጆርጂያ ልጆቻቸው ከመጠን በላይ ከወፈሩባቸው ወላጆች ከአራቱ ሦስቱ ነገሩን እንደ ችግር አያዩትም፣ ስለዚህ በኃይል ማንቃት ያስፈልጋል የሚል ነበር።

ሰሌዳዎቹ ከወረዱ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አንባቢ ልመለስባቸው እወዳለሁ፤ ማስታወቂያም ጽሑፍ ነውና እንደ ጽሑፍ ሊነበብ ይገባዋል። በሲጋራው ፓኮ ላይ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው በውስጡ ያለውን ትንባሆ ነው፤ ገዥው ይጠነቀቅለት ዘንድ የተጻፈ ነው። በአትላንታው ሰሌዳ ላይ ግን ቃሉ የታተመው በልጅቱ ገላ ላይ ነው። እንግዲህ መንገደኛው እንዲጠነቀቅ የተነገረው ከማን ነው? ከስኳሩ አይደለም፤ ስኳሩ በምስሉ የለም። ስኳሩን የሚሸጠው ኩባንያም የለም፤ ኮካ ኮላ የተወለደው እዚያው አትላንታ መሆኑን ሰሌዳው አያስታውስም። የእግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈርም፣ ሁለት ሥራ የምትሠራው እናትም የሉም። ያለችው ልጅቱ ብቻ ናት፤ አደጋውም እርሷው ናት። አንድ ጽሑፍ ተመልካቹን በአንድ ሰው ላይ አሰልፎ ካበቃ በኋላ «ለዚያው ሰው አዝኜ ነው» ቢል፣ ዐሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የጽሑፉ አሠራር ግን ያንን አይመሰክርም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ምስል ፊት ሲቆም ሌላም ነገር ትዝ ሊለው ይገባል። ስሙ ያልተጻፈ ሕፃን፣ ወደ መነጽሩ የሚመለከት ዐይን፣ በምስሉ መካከል የተቀመጠ ሆድ፣ ከሥሩ ደግሞ ባለ አገሩ ያልጻፈው ዐረፍተ ነገር። ይህን ሥዕል እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ዓለም እኛን ያወቀን በዚሁ አቀራረብ ነበር፤ ያን ጊዜ ሆዱ የተነፋው በረሃብ፣ አሁን ደግሞ የሞላው በጥጋብ ተብሎ መሆኑ ብቻ ይለያያል። በሁለቱም ሥዕል ሕፃኑ ራሱ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ሆዱ ነው፤ የሚነገርለትም ለባለ ገንዘቡና ለአላፊ አግዳሚው ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የ«ላይቭ ኤይድ» ዝግጅት ሲካሄድ የተሰበሰበው ገንዘብ የብዙ ሰው ነፍስ ማትረፉን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ ተወለደ፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም የቅጥነት ቀልድ ሆነ። ያን ጊዜ ተማሪ የነበሩ ወገኖቻችን ይህን ለማስረዳት ጥቅስ አያስፈልጋቸውም።

የሁለቱን ሆዶች ዝምድና ሳይፈልግ በግልጽ ያሳየው አንድ የካርቱን ፊልም ነው። በኅዳር 1997 የታየው የ«ሳውዝ ፓርክ» ክፍል «ስታርቪን ማርቪን» ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ በእርዳታ ማስታወቂያ ገንዘብ ልከው የእጅ ሰዓት ሲጠብቁ በስሕተት አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ይላክላቸዋል። ኋላም ባለሥልጣናት መጥተው ሊመልሱት ሲሉ በእርሱ ፈንታ ወፍራሙን ልጅ ካርትመንን አሳፍረው ወደ ኢትዮጵያ ይልኩታል። እዚያም በእርዳታ ማስታወቂያ የምትታወቀው ተዋናይ ሳሊ ስትራዘርስ እጅግ ወፍራም ሆና ተሥላ፣ ለረሃብተኛው የመጣውን ምግብ ለብቻዋ ስታጋብስ ያገኛታል። ደራሲዎቹ የመቱት የአሜሪካን ግብዝነት ነው ይባላል፤ እውነትም አለበት። ሆኖም መሣሪያቸውን እንመልከት፤ ስግብግብነትን ለማሳየት የሰው ውፍረት፣ ድህነትን ለማሳየት የሰው ቅጥነት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ ባሕርይ አላስፈለገም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ወፍራም ኢትዮጵያዊ የሚቆምበት ቦታ የለውም። «ኢትዮጵያዊ ነሽ? አትመስዪም» የሚለው አነጋገር ከዚህ ይመነጫል። ይህ የሚባልላት ሴት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ትሰደባለች፤ አንዴ ስለ አገሯ፣ አንዴ ስለ ገላዋ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ አሜሪካ ነው፤ ይህን መናገርም ለኛ ቀላል ነው። የሚከብደው ስለ ራሳችን ቋንቋ መናገር ነው።

በክላርክስተንም ሆነ በዲኬተር፣ በሠርግ አዳራሽም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰላምታችን ከገላ ይጀምራል። «የኔ እናት፣ እንዴት ነው የተመቸሽ!» ይላሉ አንዲት አሮጊት። «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ» ትላለች ልጅቱ፣ ነጠላዋን ወደ ፊት እየሳበች። «ምነው ግን እንዲህ ሆንሽ? ልጅ እኮ ነሽ።» «ሥራው ነው እማማ፤ መቀመጥ ነው።» ሽማግሌዎቹ ይሥቃሉ፤ እርሷም ትሥቃለች። ማንም ክፉ ዐሳብ አልነበረውም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ልጅቱ አትመጣም፤ ከወር በኋላ ሲያገኟት «ምነው ጠፋሽ?» ብለው የሚወቅሷትም እነዚያው ናቸው። አትላንታ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ጎጆ፣ በታክሲ መሪ ኋላ፣ በሌሊት ፈረቃ ዓመታት የቆጠረ ወገናችን ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ የተምታታ ፍርድ ያለው ቋንቋ ነው። ሆድ በእኛ ዘንድ ምግብ የሚገባበት አቁማዳ ብቻ አይደለም፤ የምሥጢር ሳጥን፣ የኀዘን ቤት፣ የፍቅር ማደሪያ ነው። ሰው ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል፤ የሚወደውን «ሆዴ» ይላል፤ ታጋሹንና ይቅር ባዩን «ሆደ ሰፊ» ብሎ ያመሰግናል። በዚሁ አንደበት ደግሞ «ሆዳም» ይላል። በስደት ፖለቲካችን ውስጥ «ሆድ አደር» ከሚለው የከፋ ስድብ አልነበረም፤ ለጥቅሙ ሕሊናውን የሸጠ ማለት ነው። የዚህ ስድብ ሥዕል ምንጊዜም ባለ ቦርጭ ነው። የባለሥልጣን ካርቱን ስንሥል ኅሊናውን መሣል ስለማይቻል ቦርጩን እንሥላለን። ከዚያም አዳራሹ ውስጥ ከጐናችን የተቀመጠው፣ አንዲት ሳንቲም ያልሰረቀው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው ወፍራም ወንድማችን አብሮን እንዲሥቅ እንጠብቃለን።

የዚህ ውጥንቅጥ ሥር ሩቅ ነው። ባንድ ወገን ድልድል ያለ ገላ የጌትነት ምልክት ነበር፤ ክፉ ቀንን ያየ ሕዝብ ሥጋ የለበሰን ሰው በደስታ ቢያይ አይፈረድበትም። (በኦሞ ሸለቆ የሚኖሩት ቦዲዎች በካኤል በዓላቸው ለወራት ወተትና ደም እየጠጣ የወፈረውን ጎረምሳ በክብር እንደሚያዩት የታወቀ ነው፤ ዛሬ ለጎብኚ ካሜራ መጫወቻ መሆናቸው ያሳዝናል።) በሌላ ወገን ቅድስና ከስቶ የሚታይ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ወፍራም ባሕታዊ አልተሣለም። በዓመት ውስጥ ከ180 ቀናት በላይ የጾም ቀን ያለው ሕዝብ ገላን የነፍስ መስታወት አድርጎ ማየቱ አይደንቅም። እነዚህ ሁለት ሚዛኖች ለብዙ ዘመን ሳይጋጩ አብረው ኖረዋል፤ ለጌታ አንድ፣ ለመነኩሴ አንድ።

ያጋጫቸው አብዮቱ ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት፣ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ በቴሌቪዥን ታየ። የረሃብተኛው አጥንትና የግብዣው ጠረጴዛ እየተፈራረቁ ቀረቡ። ፊልሙ ያሳየው ወንጀል እውነተኛ ነበር። ያቀራረቡ ትምህርት ግን ከወንጀሉ አልፎ ሄደ፤ ሞላ ያለ ገላ ሁሉ የሰው ድርሻ የበላ መሰለ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦርጭ ማስረጃ ሆኖ ቀረ። ደራሲው «ቦርጫም» ካለ በኋላ ስለ ሰውዬው ክፋት ሌላ ምስክር አይጠራም። ስንፍና እለዋለሁ። ባሕርይን መግለጥ ሲያቅተን ወገብ እንለካለን።

ቀጥሎ የኤድስ ዘመን መጣና ሚዛኑ ደግሞ ተገለበጠ። በ1990ዎቹ የከሳ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር፤ ሰው ጥቂት ኪሎ ከቀነሰ መንደሩ ያንሾካሽካል። ስለዚህ «ወፈርሽ» ማለት «ጤነኛ ነሽ» ማለት ሆነ፤ ቃሉ የእፎይታ ቃል ነበር። «መገለልና አድልዎ» የሚለው ጥንድ ቃል ወደ አማርኛ ጆሮ በሰፊው የገባው ያን ጊዜ ነው፤ በማስፈራራት የተጀመረው ትምህርት ሕሙማንን ከመመርመርና ከመታከም እንዳሸሸ ከታየ በኋላ። ይህን ያህል ዋጋ ከፍለን የተማርነውን ነገር ስለ ውፍረት ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም። «መገለል» የሚለውን ቃል ለወፍራም ሰው ብናውለው አዳራሹ ይሥቃል።

የሚያሥቅ ግን አይደለም። አንጀሊና ሱቲንና አንቶኒዮ ቴራቺያኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በክብደታቸው ምክንያት አድልዎ የደረሰባቸው ሰዎች በጥናቱ መጀመሪያ እጅግ ወፍራም ካልነበሩት መካከል ሆነው ሳለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያ ደረጃ የመድረሳቸው ዕድል 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ማሸማቀቅ ያከሳል የሚለው እምነት፣ የሰሌዳዎቹም የአሮጊቶቻችንም እምነት፣ በቁጥር ፊት አይቆምም። የተሸማቀቀ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ሚዛን ላይ መቆምን ይሸሻልና። ስፖርት ቤት አይገባም፤ መታየትን ይሸሻልና። ብቻውን ይበላል።

ሚዛኑም ራሱ ታሪክ አለው። ቁመትና ክብደትን አጣምሮ ሰውን የሚመድበው ቀመር የተገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ከቤልጅጉ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ እርሱም ሐኪም ሳይሆን የሥነ ከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር፤ የሚፈልገውም «አማካይ ሰው» የሚለውን ነገር ነበር። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1972 ከአንሰል ኪስ ነው። በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የ«ከመጠን በላይ ክብደት»ን ወሰን ለወንድ ከ27.8፣ ለሴት ከ27.3 ወደ 25 ሲያወርደው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አንዲት ግራም ሳይጨምሩ ባንድ ጊዜ ወፍራም ተባሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአትላንታ ክሊፍተን ጎዳና የሆነው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከልም ከዚህ ውዝግብ አላመለጠም፤ በ2004 ከመጥፎ አመጋገብና ካለመንቀሳቀስ ጋር የተያያዘውን ሞት በዓመት 400,000 ብሎ አወጣ፤ በ2005 ካትሪን ፍሌገልና ባልደረቦቿ ከዚያው ተቋም ባወጡት ጥናት በከፍተኛ ውፍረት ምክንያት የሚደርሰው ትርፍ ሞት ወደ 112,000 ዝቅ አለ።

ይህን የምጽፈው ስኳር በሽታ ተረት ነው ለማለት አይደለም። ከማኅበረሰባችን ውስጥ በዚህ በሽታ እግሩን ያጣ፣ ዐይኑ የፈዘዘ ሰው የማያውቅ የለም። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ ስኳር የማያውቃቸው ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው በመካከላቸው በረታ። ሆኖም ለኛ የሚዛኑ ጉድለት በሌላም በኩል ነው። በ2009 የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭንና ድሆች መሆናቸውን አሳይቷል። ሚዛን ብቻ የሚያይ ዐይን ወፍራሟን ያለ ምርመራ ይኰንናል፤ ቀጭኑን ያለ ምርመራ ያሰናብተዋል።

ወደ መጻሕፍት ልመለስ። ሮክሳን ጌይ ከሄይቲ ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደች አሜሪካዊት ናት፤ በ2017 ያሳተመችው «ሀንገር»፣ «ረሃብ» ማለት ነው፣ ስለ ገላዋ የጻፈችው ታሪክ ነው። በ12 ዓመቷ በጎረምሶች ተደፈረች፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ማንም እንዳይደርስባት ገላዋን እንደ ምሽግ መገንባት ጀመረች። አንድ ጊዜ ክብደቷ 577 ፓውንድ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ ድግግሞሽ ይበዛበታል፤ አንዳንዱ አጭር ምዕራፍ የፊተኛውን በሌላ ቃል ይመልሰዋል። ነገር ግን አንባቢን ከመጀመሪያው ያስጠነቅቃል፤ ይህ ከስቶ ድል የማድረግ ታሪክ አይደለም ትላለች፤ ቃሏንም ትጠብቃለች። በጉባኤ መድረክ ላይ ደካማ ወንበር ቀርቦላት፣ እንዳይሰበር ፈርታ፣ ውይይቱ እስኪያልቅ ገላዋን በገዛ ጭኖቿ ተሸክማ እንደቆየች የምትተርክበትን ገጽ ያነበበ ሰው አዳራሽ ሲያዘጋጅ ወንበር ሳይመለከት የሚቀር አይመስለኝም። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የወላጆቿ ነገር ነው። ይወዷታል፤ ልጃቸው እንዳትሞትባቸው ይፈራሉ፤ ስለዚህም ስለ ክብደቷ መናገር አያቆሙም። ምሥጢሯን ግን አያውቁም። የምትበላው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ስለምትበላው ያወራሉ።

የሚሲሲፒው ኪየሲ ሌመንም በ2018 «ሄቪ» የተባለውን መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ለእናቱ፣ «አንቺ» እያለ ጽፎታል። ወንድ ልጅ ስለ ገላው እንዲህ ሲጽፍ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይጻፍ ብል የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ በረሃብ ስንት ሰው ያለቀበት አገር ልጆች ስለ ጥጋብ ልናለቅስ ነውን? ይባላል። ይህ መልስ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን የ«ሳውዝ ፓርክ»ን ሥዕል ተቀብሎ የሚናገር መልስ ነው። ውፍረት ጥጋብ፣ ቅጥነት ረሃብ ነው የሚለውን ሳይመረምር ይጀምራል። በሌሊት ፈረቃ መካከል መኪና ውስጥ የሚበላ ርካሽ ምግብ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

ሕጉም ብዙ አይረዳም። ሚሺጋን በ1976 ባወጣው ሕግ በክብደት ምክንያት ማዳላትን ከልክሏል፤ የኒው ዮርክ ከተማ በ2023 ተከተለ። በጆርጂያ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የሰሌዳዎቹን ዘመቻ የተቃወሙት ሰዎች በ2012 ሕግ ስላልነበራቸው ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አሰባስበው በዚያው በአትላንታ የራሳቸውን ሰሌዳ ሰቀሉ፤ ልጆችን ሁሉ፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ ደግፉ የሚል። በመልክ ከሆስፒታሉ ሰሌዳ ያነሰ ነበር፤ ማስታወቂያ ሲደርስበት ሰውን የሚያስደነግጠውን ያህል ደግነት አያስደነግጥምና።

ከዘመቻው ፊልሞች አንዱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አንድ ወፍራም ልጅና እናቱ በባዶ ክፍል ውስጥ በሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ልጁ እናቱን ለምን ወፍራም እንደሆነ ይጠይቃታል። እናቲቱ አንገቷን ትደፋለች፤ መልስ የለም፤ ፊልሙም ያልቃል። አዘጋጆቹ ዝምታዋን የጥፋተኝነት እምነት አድርገው አቅርበውታል። ይህችን ትዕይንት በአማርኛ ለማሰብ ሞክሬ አውቃለሁ። ክላርክስተን ውስጥ ከሥራ የተመለሰች እናት ጫማዋን ሳታወልቅ ልጇ «እማዬ፣ ለምን ወፍራም ሆንኩ?» ቢላት አንገቷን የምትደፋ አይመስለኝም። መጀመሪያ «ማነው እንዲህ ያለህ?» ትለዋለች።